የወይኒ እሑድ

ነቀምት፣ ነሐሴ 22 ቀን 1973 ዓ.ም.

ገብረትንሣኤ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሰላምታ ልጽፍልህ ሦስት ጊዜ ብዕር አነሣሁ፤ እጄ እምቢ አለ። ያለ ሰላምታ ተቀበለኝ።

«እኅትዎ ወይኒ ሴት ልጅ ወልዳ በዚያው ዕለት በእግዚአብሔር ፈቃድ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፈች» ትላለህ። አንድ መስመር ተኩል። የቀረው ሁሉ የቀብር ወሬ ነው። ዝናቡ ሰው እንዳላስቀረ፣ ዕድርተኛው በጊዜ ድንኳን እንደ ተከለ፣ ከወርቅ ሠሪዎች ማኅበር ባልደረቦችህ አንድም እንዳልቀረ። የሟችን ነገር ትተህ የቀባሪዎቿን ነው የጻፍክልኝ።

እኔ ማን እንደ ሆንኩ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። እናታችን አክሱም ላይ ስትሞት ወይኒ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ጡት አላጠባኋትም እንጂ እናቷ እኔ ነኝ። አንተ ስትጠይቃትም የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ደግሞም አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሌላ ሥራ አላውቅም። ሴት በወለደችበት ቀን ስትሞት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለው ቃል ለለቅሶ ቤት ይበቃ ይሆናል። ለእኔ አይበቃኝም።

ስለዚህ የምጠይቅህን መልስልኝ። ምጡ መቼ ጀመራት? ልጅቷ በስንት ሰዓት ተወለደች? የእንግዴ ልጁስ ከዚያ በኋላ ምን ያህል ቆየ? ሙሉውን ወጣ ወይስ ቁራጭ ቀረ? ደም ፈሰሳት? አትሸፋፍንልኝ፤ ፈስሷታል፤ ልቤ ነግሮኛል። ስንት ጨርቅ ራሰ? ሆዷ ላይ እጁን ያኖረ ሰው ነበር? አጠገቧ ማን ነበር? አንተ የት ነበርክ?

ነሐሴ 5 ቀን የጻፍኩላት ደብዳቤስ መቼ ደረሰ? ይህን እንዳትዘለው።

ልጅቷ ምን ትጠጣለች?

ምብራት


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ምብራት፣

የቁጣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ተከፍቶ እንደ ገና ታሽጎ ነው የመጣው፤ የከፈተው ሰው ካነበበው አዝኖልን ይሆናል። እንዴት ከረሙ ብል እንደሚቆጡ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንዴት ከረሙ።

የጠየቁኝን እንደማውቀው እመልሳለሁ። ምጡ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀመራት። ልጅቷ እሑድ ነሐሴ 10 ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ተወለደች። ያዋለዷት ጎረቤታችን እማማ ዓለምጸሃይ ናቸው። ያውቋቸዋል፤ እዚህ ውቤ በረሃ ግቢያችን ውስጥ ከተወለዱት ልጆች በእሳቸው እጅ ያላለፈ ጥቂት ነው። ከጎን ያለችው እትዬ ሰዓዳም ነበረች። የእንግዴ ልጁ ቆይቶ ነው የወጣው ይላሉ፤ ስንት እንደ ቆየ ሰዓት የያዘ የለም። ደም ነበረ። ጨርቁን ሴቶቹ ናቸው ያነሡት፤ እኔ አላየሁትም።

እኔ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ተጠርቼ መጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐረፈች።

ስለ ደብዳቤው የጠየቁኝን በተመለከተ፣ የክረምት ፖስታ መቼም ያው ነው፤ አንዱ ይደርሳል፣ አንዱ ይዘገያል። አሁን እሱን ማንሣት ምን ይጠቅመናል።

ልጅቷ ደህና ናት። የላም ወተት በውሃ እያቀጠንን፣ እያፈላን በጡጦ እንሰጣታለን። አብዛኛውን ጊዜ የምትይዛት እትዬ ሰዓዳ ናት። የእትዬ ሰዓዳ ምራት ሸፊቃ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ «እኔ ልውለድ ብቻ እንጂ ጡጦውን እጥለዋለሁ፣ ሁለቱንም አጠባለሁ» ትላለች። ስም ገና አላወጣንላትም።

እትዬ ምብራት፣ የሞተ ሰው በጥያቄ አይነሣም። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይተዉን።

አክባሪዎ ገብረትንሣኤ


ነቀምት፣ መስከረም 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

ገብረትንሣኤ፣

ይተዉን አልከኝ። አልተውህም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። አምስት ሰዓት ማለት ነው። አምስት ሰዓት ሙሉ እኅቴ ስትፈስ ቤት ሙሉ ሰው ከቦ አያት።

ያላወቃችሁትን ልንገርህ። ልጅ ከወጣ በኋላ ማኅፀን መጠጠር አለበት። ከእምብርት በታች እጅህን ብታኖር ጠንካራ ክብ ነገር ትነካለህ። ያኔ ደሙ በራሱ ያቆማል። ሳይጠጥር ሲቀር ግን እንደ ሊጥ ልል ይሆናል፤ ደሙም የሚዘጋው የለም። አንዳንዷን ግልብጥ አድርጎ ነው የሚወስዳት፤ ያኔ ሁሉም ይደነግጣል፣ ይጮኻል፣ ይሮጣል። ሌላዋን ግን በዝግታ ነው። ጠብ ጠብ ይላል። ያየ ሁሉ «ትንሽ ነው» ይላል። አንዱ ጨርቅ ይነሣል፣ ሌላው ይገባል፤ የተነሣውን ከገባው ጋር የሚደምር ሰው የለም። ሴትየዋ ትነጣለች፤ ደክሟት ነው ይባላል። ያልባታል፤ ምጥ ነው ይባላል። ይጠማታል፣ ይበርዳታል፣ አላስቀምጥ ይላታል፤ እንቅልፍ ያስፈልጋታል ይባላል። ከዚያ ትተኛለች።

አንተ ወርቅ ሠሪ ነህ። ከፀጉር በቀጠነ ሽቦ ላይ ጉድለት ታያለህ። የሚስትህ ከንፈር ሲነጣ አላየህም? እሷ ስትደማ አንተ እጅህን አውጥተህ የስብሰባ ውሳኔ ትደግፍ ነበር። እሺ፣ ስድስት ሰዓት ላይ መጣሁ ትላለህ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ምን ሠራህ? እሱን አልጻፍክም። ስለ ደብዳቤዬም አልመለስክልኝም። ሴቶቹ ያነሡት ጨርቅ እያልክ ከሴቶች ቀሚስ ጀርባ አትደበቅብኝ።

ለአርባዋ አልመጣም። ለለቅሶ ሦስት ቀን ፈቃድ ሰጡኝ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬላቸው ወጣሁ። በሕይወት ሳለች ለምኜ የከለከሉኝን፣ ከሞተች በኋላ ሳልጠይቅ ሲያቀብሉኝ ልቀበል አልቻልኩም።

ወተቱን ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩት። ጡጦውን ቀቅሉት።

ምብራት


አዲስ አበባ፣ መስከረም 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ምብራት፣

ከዛሬ ጀምሮ አንቺ እልሻለሁ። እርስዎ ስልሽ የኖርኩት ለወይኒ ብዬ ነው።

ሁሉንም ልንገርሽ። ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር፤ አንቺ ነሽ በግድ ያወጣሽው።

ስብሰባው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ያልተገኘ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ዘይት እንደማያገኝ አንቺም አገር ውስጥ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ። በር ላይ ለቆመው ጥበቃ «ባለቤቴ ምጥ ላይ ናት፣ ልመለስ» አልኩት። «የምታምጠው አንተ ነህ?» አለኝ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሳቅሁና ገብቼ ተቀመጥኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ እትዬ ሰዓዳ መጣች። ጥበቃው አላስገባ ሲላት ከውጭ ሆና በስሜ ተጣራች። ተናጋሪው ንግግሩን እስኪያቆም ድረስ ነው የተጣራችው። ወጣሁ።

ስገባ ወይኒ ነጥታለች። ከፍራሹ ሥር ያለው ሰሌን ርሷል። ሆዷን የነካ ሰው አልነበረም። እማማ ዓለምጸሃይን «ይህ ደም አልበዛም ወይ?» አልኳቸው። «መጥፎው ደም ነው ልጄ፤ ዘጠኝ ወር የተጠራቀመ ነው። ይውጣላት፤ የቀረ እንደ ሆነ ነው የሚጎዳት» አሉኝ። አጥሚት ሊያጠጧት እየሞከሩ ነበር። ክፋት አይደለም። የሚያውቁት እሱን ነው፤ እናታቸውም የነገሯቸው እሱን ነው።

እኔ አላመንኩም። ይህን ብቻ እወቂልኝ፤ አላመንኩም። ወደ ቀበሌ ሮጬ ላንድሮቨሩን ለመንኳቸው። «ድምፅ ማጉያ ጭኖ ምኒልክ አደባባይ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ካልፈረመ አይንቀሳቀስም» አሉኝ። ሊቀ መንበሩ የት ነው ስል መድረክ ላይ ነው። የመድረኩ ንግግር እስኪያልቅ ቆምኩ። አላልቅ ሲል ጥዬ ሄድኩ። እሑድ እሑድ በቤንዚን ቁጠባው ምክንያት መኪና እንደ ልብ አይገኝም። ስዞር ቆይቼ ከጊዮርጊስ በታች አንድ ታክሲ አገኘሁ። ይዤው ስመጣ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ታክሲው በራችን ላይ ቆሞ ነበር ምብራት። ሞተሩን ሳያጠፋ።

ወይኒ እምቢ አለች።

«ተነሽ፣ እኔ እሸከምሻለሁ» አልኳት።

«ወዴት?»

«ሆስፒታል።»

«እዚያ አልመለስም።»

ለምን እንዳለች ታውቂያለሽ። የመጀመሪያውን ልጃችንን ኮሪደር ላይ፣ ሲሚንቶ ላይ አስተኝተው እንዳዋለዷት፣ ጮኸሽ ብለው በጥፊ እንደ መቷት፣ ልጁ ሞቶ እንደ ተወለደ ታውቂያለሽ። ከእኔና ካንቺ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

«ምብራት ዛሬ ትደርሳለች፤ ቃል ሰጥታኛለች» አለች። ከትራሷ ሥር ደብዳቤሽን አወጣች። ሐምሌ 12 የጻፍሽውን። አሁን ፊቴ ተዘርግቷል፤ እንዳለ ልገልብጥልሽ። «የዚያን ሆስፒታል ደጃፍ እንዳትረግጪ። እስከ ነሐሴ 8 እመጣለሁ፤ በገዛ እጄ አዋልድሻለሁ። እኔ ሳልደርስ ማንንም እሺ እንዳትይ።»

ማንንም እሺ አላለችም። እኔንም።

ባለ ታክሲው ጠበቀ፣ ጠበቀና ሄደ። ማንሣት ነበረብኝ። እየረገመችኝም፣ እየቧጨረችኝም ቢሆን አንሥቼ መሄድ ነበረብኝ። አንቺ አዋላጅ ነሽ፣ ቃል ሰጥተሻል፣ ምናልባትም መንገድ ላይ ነሽ ብዬ እኔም አብሬያት ጠበቅሁ። ከዚያ ውሃ፣ ውሃ አለች። ሦስት ብርድ ልብስ ደርበንላት በረደኝ አለች። «አውቶቡሱ ገባ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ገብቷል፤ እየመጣች ነው» አልኳት። ዋሸኋት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም።

የነሐሴ 5 ደብዳቤሽ፣ «ፈቃድ ከለከሉኝ፣ እኔን አትጠብቂ፣ ሆስፒታል ሂጂ» ያልሽበት፣ የደረሰው ነሐሴ 14 ነው። ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አነበብኩት፤ አጣጥፌም ኪሴ ከተትኩት። የስድብ ደብዳቤሽ ሲመጣ፣ ስድቡን እኔ ልቻለው እንጂ ይህን አትስማ ብዬ ነበር። አልቻልኩም።

ይኸው ሰማሽ። የተሻለኝ ነገር የለም።

ገብረትንሣኤ


ነቀምት፣ መስከረም 22 ቀን 1974 ዓ.ም.

ገብረትንሣኤ፣

ደብዳቤህን ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ ገብቼ አዋለድኳት። እንዴት እንዳዋለድኳት አላስታውስም፤ ግን ሁለቱም ደህና ናቸው።

አንተ ያላወቅኸውን ደግሞ እኔ ልንገርህ። ፈቃዱን የከለከሉኝ ሐምሌ 28 ቀን ነው። ያን ቀን ቴሌግራም ባደርግ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን እጇ ይገባ ነበር። አላደረግሁም። የአውራጃው ጤና ኃላፊ ቢሮ በር ላይ በየማለዳው እየቆምኩ እከራከር ነበር። «አንቺ ከሄድሽ እዚህ ማን ያዋልዳል?» ይለኛል፤ እውነቱን ነው፤ ሌላ አዋላጅ የለም። እኔ ግን እረታዋለሁ ብዬ ነበር። ለወይኒ «አልመጣም» ብሎ መጻፍ ሞት መሰለኝ። ሰባት ቀን በኩራቴ ላይ ተቀመጥኩና በስምንተኛው ቀን ደብዳቤ በፖስታ ላክሁ። በክረምት። በዚህ መንገድ።

ሴቶችን «ቤት አትውለዱ» እያልኩ አሥራ ሰባት ዓመት የተቆጣሁ ሰው ነኝ። የገዛ እኅቴን ግን ሆስፒታል እንዳትሄድ መከርኳት፤ ከሁሉም እኔ እበልጣለሁ ብዬ። ይህን የምጽፈው ይቅር በለኝ ለማለት አይደለም። ይቅር አትበለኝ። እኔም አንተን ገና ይቅር አላልኩህም፤ ስለ ሳቅኸው ሳቅ ሳስብ ብዕሩን ጥዬ እነሣለሁ። ሲሚንቶ ላይ ያስተኟትንም፣ ሰው እየሞተ ለድምፅ ማጉያ መኪና ያቆሙትንም ይቅር አላልኩም።

ግን ሸፊቃ አለች። ስምንተኛ ወሯ ነው ብለኸኝ ነበር፤ ስለዚህ ጊዜ የለም። ከዚህ በታች ያለውን ገጽ ቅደድና ለብቻው አውጣው። የግቢውን ሴቶች ሰብስብ፤ ወንዶቹንም ጥራ። እማማ ዓለምጸሃይን ፊት ለፊት አስቀምጣቸው፤ በክብር። ክፉ ቃል እንዳትናገራቸው። ከዚያ ጮክ ብለህ አንብብ።

ምብራት

ምጥ ሲጀምራት ሆስፒታል ውሰዷት። ይህን የምለው ያንን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ነኝ። እዚያ የሚያመናጭቃት ቢኖር አብራችሁ ገብታችሁ ተከራከሩላት፤ ብቻዋን ግን አትተዉአት።

ሳትደርሱ ቤት ከወለደች፣ ደሙን በግምት አትመልከቱት፤ በጨርቅ ለኩት። ንጹሕ ጨርቅ አድርጉላት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጨርቅ ከራሰ ብዙ ነው። ጠብ ጠብ እያለ አላቆም ካለም ብዙ ነው። መጥፎ ደም የሚባል ነገር የለም። ያው አንዱ ደሟ ነው፤ ሌላ የላትም።

የእንግዴ ልጁ እንዲወጣ ብላችሁ እትብቱን አትጎትቱ። ግማሽ ሰዓት ካለፈው አትጠብቁት፤ ተነሡ።

ደሙ ከበዛ እጃችሁን ከእምብርቷ በታች አኑሩ። ልል ከሆነ ክብ ክብ እያደረጋችሁ እሹት፣ እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር። ጠጠረ ብላችሁ እጃችሁን አታንሡ፤ ተመልሶ ይላላል። ሽንቷን አሸኗት፤ ፊኛዋ ከሞላ ማኅፀኗ አይጠጥርም። ልጁን ጡቷ ላይ አድርጉት፤ ሲጠባ ማኅፀኗ ይኮማተራል። አስተኝታችሁ እግሯን ከፍ አድርጉ፤ አልብሷት። አንዱ ይህን ሲሠራ ሌላው መኪና ይፈልግ፤ ተራ በተራ አይደለም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። መንገድ ላይም የሚያሸው እጅ እንዳይነሣ።

ሆስፒታል በር ስትደርሱ «ወልዳ ደም እየፈሰሳት ነው» በሉ። ሌላ ወሬ አታብዙ። ማኅፀን የሚያኮማትር መርፌ እዚያ አለ። ደም ሊሰጥ የሚችል ጤነኛ ሰውም ይዛችሁ ሂዱ።

እምቢ ካለች ለምኗት። አሁንም እምቢ ካለች ተሸከሟት።


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1974 ዓ.ም.

ምብራት፣

እንደ ደረሰኝ ወዲያው ነው ያነበብኩላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢው መሀል በርጩማና ሣጥን ደርድረን ነበር። «መጥፎ ደም የሚባል ነገር የለም» የሚለው ጋ ስደርስ እማማ ዓለምጸሃይ ተነሡ።

«ገደልሻት ነው የምትለኝ?» አሉኝ።

«አይደለም እማማ። እኔ ነኝ። እኅቷም እኔ ነኝ ብላለች።»

«እኔ አርባ ዓመት ሰው ተቀብያለሁ» ብለው ቤታቸው ገቡ፤ በሩንም ዘጉት። አራት ቀን ሙሉ በሩን አልከፈቱልኝም። በአምስተኛው ቀን ወደ ሥራ ስወጣ በሬ ላይ ቆመዋል። «እስቲ ያን ስለ ሆድ የሚለውን ደግመህ አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። «እጄን ይህን ያህል ልጫነው?» ብለው ክንዴን ይዘው አሳዩኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። «እንደ ተጻፈው፣ እስኪጠጥር» አልኳቸው።

ሐሙስ ጥቅምት 12 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሸፊቃን ምጥ ያዛት። ሆስፒታል ልንወስዳት ተስማምተን ልብሷ ሁሉ ተቋጥሮ ነበር። ሁለተኛ ልጇ ስለ ሆነ ግን አላስጠበቀም፤ ባሏ ኡመር ታክሲ ፍለጋ ወጥቶ ሳይመለስ ወለደች። ወንድ ነው። እኔን ከሱቅ ጠሩኝ፤ ስደርስ ወንዶች ሁሉ ውጭ ቆመዋል። እኔም ልቆም ስል እትዬ ሰዓዳ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። «ያነበብከው አንተ ነህ፣ ግባ፤ ዛሬ ነውር የለም» አለችኝ።

የእንግዴ ልጁ በቶሎ ወጥቷል። ልጁ ጡት ላይ ነው። አንድ ጨርቅ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ የራሰ። እማማ ዓለምጸሃይ ሁለተኛውን አንሥተው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም።

«ሁለተኛው ነው» አሉ።

«ሆዷስ?»

እጃቸውን አኖሩ። «ልል ነው።» ማሸት ጀመሩ። እያሹም «ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ መኪና» አሉኝ።

ወጥቼ አስፋልቱ መሀል እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ውይይት ታክሲ ነው የመጣው፤ ያ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ጉልበት ለጉልበት የሚጋጠምበት። ጢም ብሎ ሞልቷል። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሞት ካማረህ ሌላ መኪና የለም?» አለኝ። «ሴት ወልዳ ደም እየፈሰሳት ነው» አልኩት። ሌላ አልተናገርኩም። ወደ ኋላ ዞረ። «ውረዱ፤ ውይይቱ አብቅቷል» አላቸው። ሁለት ሴቶች «እኛ እንያዛት» ብለው ቀሩ፤ የቀረው ሁሉ ወረደ።

ሸፊቃ ተሽሎኛል፣ ተዉኝ ልተኛ አለች። እትዬ ሰዓዳ ለመነቻት። እምቢ አለች። ተሸከምናት፤ አልጠበቅንም።

ወለሉ ላይ አስተኛናት፤ ሁለቱ ሴቶች እግሯን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዙ። እማማ ዓለምጸሃይ በዚያ ዕድሜያቸው ተንበርክከው፣ መኪናው ባነጠረ ቁጥር ራሳቸው ከብረቱ ጋር እየተጋጨ፣ እጃቸውን ለአንዲት ሰከንድ አላነሡም። እኔ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ይዤ ነበር። ሾፌሩ ጥሩምባውን ከምኒልክ አደባባይ ጀምሮ አልለቀቀውም።

የሄድነው ወይኒ አልመለስም ወዳለችበት ወደዚያው ነው። በር ላይ ያለው ሰው ካርድ ጠየቀን። እማማ ዓለምጸሃይ ከመኪናው ውስጥ ሆነው አንቺ ያልሽውን ቃል ተናገሩት፤ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። በሩ ተከፈተ። መርፌውን ወዲያው ወጓት። ኡመር ተከትሎን ደርሷል፤ ደም ያስፈልጋታል ሲሉ የእሱ አልሆነም፤ የእኔ ሆነ። ተኝቼ ሰጠሁ። ስወጣ እማማ ዓለምጸሃይ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ደም ነው። አንዲት ነርስ «ያሹት እርስዎ ነዎት? ደግ አደረጉ፤ ባይነኳት አትደርስም ነበር» አለቻቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። «ወይኒዬን» አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሸፊቃ ትናንት ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ገርጥታለች፣ ግን ትበላለች። እንደ ዛተችውም ጡጦውን አስጥላ ልጄን ከልጇ ጋር ታጠባለች።

ኡመር ባየኝ ቁጥር ያመሰግነኛል። ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። እኔም እላለሁ፤ ከልቤ ነው። ግን አንድ ነገር አለ፤ ላንቺ እንጂ ለማንም መናገር አልችልም። ከቤታችን ደጃፍ ስንነሣ ሰዓቴን አይቼ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስም አየሁት። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ደም ሰጥቼ ስወጣ መኪና አልተሳፈርኩም፤ ያንኑ መንገድ በእግሬ ተመለስኩበት። እያዞረኝ፣ ቀስ ብዬ እየሄድኩ ሠላሳ ደቂቃ አልሞላም። ወይኒን አዝዬ ብሄድ፣ ሁለት ጊዜ ዐርፌ ብሄድ፣ አንድ ሰዓት አይሞላም። ምብራት፣ አምስት ሰዓት ነበራት። ጨርቅና እጅ ነው የሚፈልገው። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ሊያሳብደኝ ነው። ከባድ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር።

የልጅቷ ክርስትና ጥቅምት 24 ነው። ስሟን አንቺ ታወጪላታለሽ። ፈቃድ ቢሰጡሽም ባይሰጡሽም ነይ የምልሽ ሰው አይደለሁም፤ እዚያ ያለችውን ወላድ ጥለሽልኝ እንድትመጪ አልፈልግም። ከቻልሽ ግን ነይ። ይቅርታው ይቆየን። እዚህ ሁሉም ሊያጽናናኝ ነው የሚፈልገው፤ አብሮኝ የሚናደድ ሰው አጣሁ።

ገብረትንሣኤ